የማዳመጥ ትምህርት

ድርቤ ወደ ምንጭ የምትወርድበትን መንገድ ጎረቤቷ ስላጠረባት፣ ልትከሰው ከቢላ ገጠር ነቀምቴ ድረስ መጣች። የአቤቱታ ጽሕፈት ቤቱ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዝግ ሆኖ ጠበቃት።

«ጸሐፊዎቹ ባለጉዳይ ማዳመጥ እየተማሩ ነው» አላት ዘበኛው።

በአራተኛው ቀን ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ መለማመጃ የሚሆን ሰው ፈልጎ አስገባት። ክብ ሠርተው የተቀመጡት ጸሐፊዎች በደሏን ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ዋና ጸሐፊው ወልደሩፋኤልማ እንባው መጣ። በዕድሜዋ እንዲህ ያደመጣት ሰው አልነበረምና ድርቤ ሆዷ ባባ። ተናግራ ስትጨርስ ተጨበጨበ።

«ታዲያ አጥሩ መቼ ይነሣል?» አለች።

ወልደሩፋኤል እንባውን ጠረገና፣ «አዴ ድርቤ፣ ይሄ እኮ ልምምድ ነው። ለዋናው ሰኞ ማመልከቻ ይዘው ይምጡ» አላት።

«እንግዲያው እኔም መቀመጥ ልለማመድ» ብላ በአሠልጣኙ ወንበር ላይ ተደላደለች። አጥሩ እንዲነሣ የሚያዘው ደብዳቤ ከምሳ በፊት ተጻፈላት።