ምዕራፍ ሦስት ላይ የተመለሰው ባል

የፀዳለ ባል የጠፋው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አራት ሰዎች ተመካክረውና ተስማምተው ነው። ከአራቱ አንዷ ራሷ ፀዳለ ነበረች።

ሰዎቹ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ በእሷ ሳሎን የሚሰበሰቡት አንድ ልብ ወለድ በጋራ ለመጻፍ ነበር። ሳሎኑ የተመረጠው ሰፊ ስለሆነ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ጋሽ እንድሪስ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ በሰፈሩ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የታመመ የሚመርቁ እሳቸው ናቸው። ዘምዘም ፋርማሲ አላት። መላኩ ጠበቃ ነው፤ ሦስት ልብ ወለድ ጀምሮ አንዱንም ስላልጨረሰ «በጋራ እንጻፍ» ያለው እሱ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ብሎ አሳመናቸው። አራት ብቻ መሆናቸውን ያነሳበት ሰው አልነበረም።

ወጋቸው እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ያሰበውን ይወረውራል፤ ሌሎቹ ይጥሉታል ወይም ያነሱታል፤ አራቱም የተስማሙበትን ሐሳብ ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁታል። ወሎ ውስጥ ያልተመረቀ ነገር አይጀመርም። ሠርግም ቢሆን፣ የውሃ ጉድጓድም ቢሆን፣ ልብ ወለድም ቢሆን ያው ነው።

የዚያን ቀን ዘምዘም አንድ ሰው የሚወዱ እህትማማቾች አመጣች፤ መላኩ ጣላቸው። ጋሽ እንድሪስ ለፍየል የሚፈርድ ዳኛ አመጡ፤ ዘምዘም በትሕትና ጣለችው። መላኩ ግን «ባልየው የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ይውጣና በዚያው ይቅር። የት እንደገባ ማንም አይወቅ» አለ። ሁሉም ወደዱት። ፀዳለማ በጣም ስለወደደችው «የጫማውን ክር ሳያስር ይውጣ» ብላ ጨመረችበት። ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ዘረጉና «እንዳፋችን ያድርግልን» አሉ። ልማድ ሆኖባቸው ነው፤ ሁልጊዜም የሚሉት ይህንኑ ነው። ፀዳለ አፏ ውስጥ ቆሎ ስለነበረ «አሚን» ያለችው ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይታ ነው።

ባሏ ይርዳው ጓዳ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። መጋረጃውን ገልጦ ወጣና «የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ልምጣ» አለ። የጫማው ክር መሬት ለመሬት ይጎተታል። ሁሉም ሳቁ፤ ከጓዳ ሆኖ ሰምቷቸው የሚያሾፍባቸው መሰላቸው። ይርዳው ቀልድ የሚወድ ሰው ነበር። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። አልተመለሰም።

ፀዳለ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

«ተጣልታችኋል?» አላት ተረኛው ፖሊስ።

«ኧረ አልተጣላንም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ይጠፋል?»

«ለምዕራፍ አንድ ነው» አለች። ተረኛው እንደነገረችው ጻፈው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የተመረቀው የዘምዘም ሐሳብ ነበር። ለምዕራፍ ሁለት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ሰው ቤት ይግባና እንደ እንግዳ ይቀመጥ አለች። ፀዳለ ልቧ እዚያ ስላልነበረ ዝም ብላ አሚን አለች። በማግስቱ ጉሙ ከተራራው ወረደ፤ የከፈቱለት ቤት በበር፣ ያልከፈቱለት ቤት በመስኮት ገባ። ፀዳለ ቤት የይርዳውን ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ቀና ብላ አየችውና ነገሩ ያን ጊዜ በሙሉ ገባት፤ የመረቁት ሁሉ እየሆነ ነው። ብቻዋን እጇን ዘርግታ «ይርዳው ይመለስ» ብላ መረቀች፤ አሚን ያለችውም ራሷ ናት። ጉሙ ከወንበሩ አልተነቃነቀም። የአራቱ አፍ ካልገጠመ እንደማይሆን አወቀች።

ሌሎቹ ቅዳሜ ሲመጡ ጉሙ እዚያው ነበር። ሻያቸውን ወደ ሌላው ጥግ አዛወሩ። አስረዳቻቸው፤ ማንም አልጮኸም፣ የካደም የለም።

«እንግዲያው ምዕራፍ ሦስት ላይ ባልየው ይመለስ» አለች። «የኔ ሐሳብ ይኸው ነው።»

መላኩ አሰበበት። ከሁሉ የከፋው ማሰቡ ነበር። «ፀድዬ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን ከአሁኑ ከተመለሰ ለሌላው ምዕራፍ ምን ይቀረናል? አንባቢ ይንቀናል።»

«አንባቢ የለንም እኮ፣ መላኩ።»

«ይኖረናላ።»

ዘምዘም አለቀሰች፤ ያለቀሰችውም ከልቧ ነው። ከፀዳለ ጋር አንድ ግቢ ያደጉ ናቸው። «እህቴ፣ ወላሂ እኔም እንዲመለስ እፈልጋለሁ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ምዕራፍ ሃያ ላይ ቢሆንስ?»

«መጽሐፉን እንተወው በቃ! እናፍርሰው!» አለች ፀዳለ።

ጋሽ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። የተመረቀ ነገር አይፈርስም፤ ሌላ ይጨመርበታል እንጂ።»

ፀዳለ ጓደኞቿን አንድ በአንድ አየቻቸው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ልጇ ሕፃን ሳለች የታመመች ጊዜ አብረዋት አድረዋል፤ እናቷን አብረዋት ቀብረዋል። አሁን ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመሩት ነገር እየሆነላቸው ነበርና ከዚህ በላይ ሊያዝኑላት አልቻሉም።

ጋሽ እንድሪስ ወደ ሽምግልናቸው ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስታርቁ የሚያውቁት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከዚህም ይቀነሳል፣ ከዚያም ይቀነሳል። ባልና ሚስትም ቢሆን፣ የመሬት ወሰንም ቢሆን በዚሁ ነው የሚያልቀው። «አንቺም ትንሽ ተይ፣ አንተም ትንሽ ተው» አሉ። «ሰውዬው ይመለስ። ለመላኩ ደግሞ አንድ ነገር ይቅርለት።»

መላኩ እግሩን አነባበረ። «እሺ፣ ለርስዎ ስል ይምጣ። ግን ፊቱ አይታይ። አንባቢው እሱ ይሁን አይሁን እየተጠራጠረ ይቅር።»

ፀዳለ አወጣች፣ አወረደች። ፊቱን በቃሏ ታውቀዋለች። በግራ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ ሲስቅ ብቅ የሚለውን የተሸረፈ ጥርስ። ብቻ ይምጣ እንጂ ፊቱን እሷ ትሞላዋለች። «ይሁን» አለች። «ጋሼ፣ ይመርቁት። ቶሎ ይመርቁት።»

ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ዘረጉ። በዚህ ጊዜ «አሚን» ስትል ከሁሉም የቀደመችው ፀዳለ ነበረች።

ይርዳው የመጣው እንግዶቹ እንደወጡ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። በጀርባው ገባ። ጉሙ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀለትና በመስኮት ወጣ።

«ይርዳው?»

«አቤት» አለ። ድምፁ የራሱ ነው፤ የሚመጣው ግን ከወዲያ በኩል ነው።

በደስታ እያለቀሰች ወንበሩን ዞረች። በወዲያ በኩልም ጀርባው ነበር። ተመልሳ ዞረች፤ ጀርባው ነበር። ራት አቀረበችለት፤ ሲያላምጥ ተሰማት፣ ሳህኑም ጎደለ።

«እስቲ ዙርልኝ» አለችው።

«ዞሬያለሁ እኮ» አለ ይርዳው በትዕግሥት። «እያየሁሽ ነው። ከስተሻል።»

ፀዳለ ተነስታ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ሄደች። ሚዜዎቹ ሁሉ ይስቃሉ፤ ዘምዘም አበባ ይዛለች። ይርዳው በጥቁር ሱፉ ለካሜራው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ዓይኗን ጨፈነች። ጠባሳው በግራ ቅንድቡ ላይ እንደነበረ ታውቃለች፤ ቅንድቡ ግን አልመጣላትም። መጀመሪያ የተገናኙባትን ቀን አስታወሰች። ፒያሳ፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ፣ ሬዲዮ አቅፎ ቆሞ ነበር፤ ከኋላው ነው የምታየው። የወለደች ዕለት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በጀርባው። ያን ጊዜ ተስፋዋ ሙሉ በሙሉ ተቆረጠ።

ተመልሳ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች፤ ፊት ለፊቱ ይሁን ከኋላው የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጉንጮቹ ሊሆኑ በሚገባቸው ቦታ አሳረፈቻቸው።

«እጅሽ ይቀዘቅዛል» አለ ይርዳው።

ከመዳፎቿ ሥር የማጅራቱ ጸጉር ሞቅ ያለ ነበር፤ ሰው ፈገግ ሲል ጉንጩ እንደሚያደርገው፣ ትንሽ ከፍ አለ።