ለደንቆሮ የተነገረ ምስጢር

ፈንታ የጣልያን ፖሊስ ሆኖ ሲቀጠር «ማንበብ ትችላለህ?» ቢሉት «አልችልም» አለ። ውሸቱን ነው። ዲማ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ግን ማንበብ የሚችሉትን ቢሮ ዘግተው ቀኑን ሙሉ ሲያስጽፏቸው አይቶ ፈርቶ ነበር። በዚህ የተነሣ የደብረ ማርቆሱ ጽሕፈት ቤት ምስጢር ሲኖረው የሚልከው በፈንታ እጅ ሆነ።

አንድ ቀን ሁለት የታሸጉ ወረቀቶች ይዞ ወደ አማኑኤል ወረደ። አንዱ በጣልያንኛ ለካፒቴኑ፣ ሌላው ያንኑ ትእዛዝ በአማርኛ ለባንዳው አለቃ ለምንይችል የሚያደርስ ነው። በመንገድ ላቡ የምንይችልን ማሸጊያ አላቀቀው፤ የቀረውን ፈንታ በጥፍሩ ረዳው።

ያን ሰሞን «ጠመንጃውን ይዞ የገባ ምሕረት አለው» ተብሎ ነጋሪት ተጎስሞ ነበር። ወረቀቱ የሚለው ሌላ ነው። የገባው ሁሉ ጠመንጃውን ካስረከበ በኋላ ታስሮ በካሚዮን ይወሰድ፤ የት እንደደረሰም ለዘመድ አይነገር ይላል። ከላዩ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም አርፎበታል።

ፈንታ ጀግና አልነበረም። ደመወዙን ይወዳል፤ ሰው ሲገረፍም ፊቱን አዙሮ ያውቃል። በምሕረት ስም ሰው ሲታረድ ግን ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር አጣ። የካፒቴኑን ወረቀት አደረሰና «የምንይችልን ወንዝ ወሰደብኝ» አለ። ያን ወረቀት ለአክስቱ ልጅ ለደብሪቱ ሰጣት። ደብሪቱ ጠላ ሻጭ ናት፤ ጫካ ያለውም ከተማ ያለውም ከእሷ ቤት ይጠጣል።

«አያ ፈንታ፣ የጣልያን ኮፍያ ደፍተህ ነው ይህን የምትነግረኝ?» አለችው።

«አውልቄ ልንገርሽ?»

«ተወው፣ ራስህ መላጣ ነው» ብላ ወረቀቱን ጡቷ ሥር ከተተችው።

ምሕረት የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። ካፒቴኑ አማኑኤል ላይ ባንዲራ ሰቅሎ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ካሚዮኖቹን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ደብቆ ጠበቀ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። አንድ ውሻ መጥቶ ጠረጴዛውን አሽትቶ ሄደ። ሰው የሚባል አልመጣም።

ኋላ ግን ግራዝማች ታረቀ ውጅግራ ጠመንጃቸውን ተሸክመው ብቅ አሉ። ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል። ነጋሪቱን በደረታቸው ሰምተውታል፤ አዋጁንም ሰው ጮኾ ነግሯቸዋል፤ የደብሪቱን ሹክሹክታ ግን ማን ያሰማቸው? በግቢው በር ዘብ ቆሞ የተቀበላቸው ፈንታ ነበር።

«ግራዝማች፣ ይመለሱ» አለ ዝቅ ብሎ።

«እ?»

«ወጥመድ ነው።»

«ገመድ? ገመድስ አላመጣሁም። ጠመንጃ ነው እንጂ የተባለው።»

ፈንታ ወደ ኋላው ተመለከተ። ከዚያ አፉን ጆሯቸው ላይ ደግኖ፣ «ሊያስሩዎ ነው! ወረቀቱን አንብቤዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። ገደሉ ተቀብሎ ደገመለት።

«ምን አለ?» አለ ካፒቴኑ።

ለዕለቱ ከደብረ ማርቆስ የመጣው አስተርጓሚ ወልደ ሩፋኤል የምንይችልን ወረቀት ወደ አማርኛ የመለሰው ራሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎት ሰንብቷል። «ጤናቸውን እየጠየቀ ነው» አለ።

«እንዲህ እየጮኸ?»

«የጎጃም ሰላምታ ነው፣ ጌታዬ።»

ነገሩ በዚያው ባለፈ ነበር። ግን ምንይችል ወረቀቱ ስላልደረሰው አኩርፎ የቆየ ሰው ነው፤ በሰባራ ጣልያንኛው ሁሉንም ዘረገፈው። ዘበኛው ሁሉ ፈንታ ላይ ሲረባረብ፣ ግራዝማች ነገሩን ከሰዉ ሁኔታ ተረዱና ውጅግራቸውን መልሰው ተሸክመው ወደ ቤታቸው አዘገሙ። «ቁም» ያላቸው ቢኖርም አልሰሙትም።

ፈንታ ደብረ ማርቆስ ላይ ለፍርድ ቀረበ። ሕዝቡ እንዲማርበት ተብሎ በርና መስኮቱ ተከፈተ። ክሱ የመንግሥትን ጥብቅ ምስጢር ማውጣት ነው። ፈንታ ሚስቱን ሥራነሽን ከሰዉ መካከል አያት።

«የተናገርኩት እውነት ነው ሐሰት?» ብሎ ጠየቀ።

«እሱ አንተን አይመለከትም» አለ ዳኛው።

«ሐሰት ከሆነ ምስጢር አላወጣሁም። እውነት ከሆነ ደግሞ የተከሰሰው ሌላ ሰው መሆን ነበረበት።»

ዳኛው ተናደደና ምስጢርነቱ እንዲረጋገጥ የካፒቴኑ ወረቀት ይነበብ፣ ተከሳሹም እንዲገባው ይተርጎም ብሎ አዘዘ። ወልደ ሩፋኤል ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ። ቃል በቃል፣ ቅዳሴ እንደሚመራ ቄስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ ወደ አማርኛ መለሰው። ከመርጡለ ማርያም ለገበያ የመጣው ሳይቀር በመስኮት ተንጠልጥሎ ሰማ። ዳኛው «መስኮቱን ዝጉ» ሲል ንባቡ አልቆ ነበር።

ለፈንታ አሥር ዓመት ፈረዱበት። ሥራነሽ አላለቀሰችም። ስንቅ ይዛ በመጣች ቁጥር «ለአንድ ሰው መንገር አቅቶህ ለአገር ጮህክ» እያለች ታበሽቀው ነበር።

ጣልያን ሲወጣ እስር ቤቱ ተከፈተ። ፈንታ በአዲሱ መንግሥት ፖሊስ ለመሆን አመለከተ። አዲሱ ሹም ታሪኩን ሰምቶ እስኪያነባ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «የአንዱን መንግሥት ምስጢር ያወጣ የሌላውንም ያወጣል» አለው።

«ወረቀቱ ላይ እንደምትጽፉት ነው» አለ ፈንታ።

አልቀጠሩትም። ሥራነሽ በሬ ለምና ጤፍ ዘርታ ኖሮ፣ አረሙ ገና አልተነካም ነበር። በማግስቱ አብረው ለአረም ወረዱ።