የገብረክርስቶስ ተርቦች

ይህ ታሪክ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ከተጨመረችበት ምላስ ይቆረጥ!

አፍንጮ በር ገብረክርስቶስ ቤት፣ የሚካኤል ማኅበር ተራው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለዳቦው ያስቀመጠው ስንዴ ነቀዘ። ነቀዝ ሲባል ተራ ነቀዝ እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ ባቄላ የሚያህል፣ ጆንያውን ተሸክሞ ፒያሳ ሊወርድ ምንም ያልቀረው!

ገብረክርስቶስ እንቅልፍ አጣ። ከአምስት ዓመት በፊት በማኅበርተኛው በአባይነህ ቤት ዳቦው ውስጥ አንዲት ጠጠር ተገኝታ፣ ሰውየው ይኸው እስከ ዛሬ «አባይነህ ጠጠር» ነው። አራዳ ያወጣውን ስም ቀበሌም አይፍቀውም። አሁን ደግሞ «ገብሬ ነቀዝ» ሊመጣ ነው! የእህል ክኒን እንዳያደርግበት ቤቱ አንድ ክፍል፣ ጆንያው አልጋ ስር፤ መርዙ ከነቀዙ በፊት እሱንና ሚስቱን አዳነችን ይጨርሳል።

ነፍሳት የሚያጠናው የእህቱ ልጅ ሚናስ በብልቃጥ ተርብ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰው አይነድፉም። ስንዴው ውስጥ ያለው የነቀዝ እጭ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ልጆቻቸው እጩን ይበሉታል።»

«የታሉ? ይሄ አቧራ አይደል እንዴ?»

«አይተንፍሱባቸው ጋሼ፣ እያበረሯቸው ነው!»

ተርቦቹን ጆንያው ውስጥ ከለቀቋቸው በኋላማ በቀን አርባ ጊዜ ጆሮውን ጆንያው ላይ ይለጥፋል። ጭርጭር ካለ «ጉዴ ፈላ!» ይላል፤ ዝም ካለ «ተርቦቼ አለቁ!» ብሎ ላብ ያጠምቀዋል። ከሥራ ቦታ ይደውላል።

«አዱ፣ ማን እያሸነፈ ነው?»

«እኔ ዳኛ ነኝ? ሥራህን ሥራ!»

በሦስት ሳምንት ሃያ ኪሎ ከሳ።

የማኅበሩ ቀን ዳቦው ቀረበ። አባይነህ ቁራሹን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ገልብጦ፣ አሽትቶ አየው። አባይነህ ጎረሰ፤ አላመጠ፤ ደገመ።

«ንጹህ ነው፣ ገብሬ!»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ተርቦቹ አንበሳ አከሉ፤ የነቀዙ ዋይታ ውቤ በረሃ ድረስ ተሰማ። «ከመቶ ሺህ ነቀዝ አንድ ለዘር አልተረፈም!» እያለ ሳለ፣ የጎን ጎረቤታቸው እማማ ጁወይሪያ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«እንኳን አደረሳችሁ። አዱዬ፣ ጆንያዬን ልወስድ ነበር።»

«የምን ጆንያ?» አለ ገብረክርስቶስ። አዳነች አቀረቀረች።

እማማ ጁወይሪያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የስንዴው ነዋ፣ ልጄ። ዳቦው የተጋገረው በኔ ስንዴ ነው። የናንተውማ አልጋ ስር አለ፤ ትናንት ከአዱ ጋር ከፍተን አይተነዋል። ነቀዙ ይርመሰመሳል።»