የጀማነህ ሥዕል ስም

ባሌን ጀማነህን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ደሜን ሲያፈላው ኖሯል። በሽታው አፌዥያ ይባላል፤ ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ቃሉ ብቻ እምቢ ይለዋል። ጠያቂ ግን የኮሮና ማስኩን አድርጎ ይመጣና ባሌ ፊት ቁጭ ብሎ እኔን «ይበላል? ይተኛል? ሰው ይለያል?» ይለኛል። እንዴ! እዚህ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ኒው አልባኒ ባለ መጋዘን ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠራተኛ ሲያዝዝ የኖረ ሰው እኮ ነው!

ሐሙስ ሐሙስ ሊንደን ሰፈር ወዳለ የሥዕል ክፍል እወስደዋለሁ። አስተማሪዋ የተቀዳ የዝናብ፣ የወፍ፣ የኩሬ ዳር ድምፅ ትከፍታለች፤ እንደ እሱ ቃል የጠፋባቸው ሰዎች የሰሙትን ይሥላሉ። ጀማነህ በደህናው ግራ እጁ ሁለት ወር ለፍቶ አንድ ሥዕል ጨረሰ፤ ጥቁር ጭረት በጭረት ላይ። ጁን 2021 ላይ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ኤግዚቢሽን ሲደረግ እሱም ተሰቀለለት።

ስንገባ ከሥዕሉ ሥር ወረቀት ተለጥፏል፤ «የአገሬ ወፎች ናፍቆት» ይላል። የጀማነህ ፊት ተለዋወጠ።

«ማነው ይህን የጻፈው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ሮማን» አለ ከኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ዘውዱ። «ታይትሉ ባዶ ስለነበረ ፊል አደረግሁት።»

«ጠይቀኸዋል?»

«ጋሼ አይናገሩም እኮ!»

«ባይናገር ሞቷል አሉህ? ደግሞ የምን ናፍቆት አመጣህ? እዚሁ ኮሎምበስ የሰማው ዝናብ ነው!»

ወረቀቱን ገነጠልኩና ጀርባው ላይ በትልቁ «ዝናብ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩት። አንጀቴ ራሰ፤ ኮራሁም።

ጀማነህ ስክሪፕቶውን ከእጄ መንጭቆ «ዝናብ»ን ሰረዘው።

«ታዲያ ወፍ ነው?» አልኩት።

ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

«ነፋስ ነው? ወንዝ ነው?»

ግድግዳውን በጡጫው መታ። ያን ጊዜ መገመቴን ተውኩ። ከሰረዘው ቃል በታች ሁለት ጎላ ጎላ ያሉ ዓይኖች፣ ሰፊ አፍና የታጠፉ እግሮች ሣለ። ከተቀዳው የኩሬ ዳር ድምፅ የሰማት እንቁራሪት ናት።

ቀና ሲል ያፈጠጠው ዘውዱ ላይ አይደለም፤ እኔ ላይ ነው። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። እውነቱን ነው። ሁለት ወር ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሲሥል ሳየው፣ ምን እየሰማህ ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።