የእንዳለው መኪና

«መልኳንማ አየሁት፤ ጠባይዋን ንገሪኝ» አለች ቆንጅት፣ ወደ በላይነሽ ጆሮ ጎንበስ ብላ። «ልጅሽ ምኗን ነበር የሚወደው?»

ቆንጅት ቆቦ ውስጥ ልቅሶ ሲኖር የምትጠራ አልቃሽ ናት። ድሮ ሟቹ ፈረስ ካለው ፈረሱ ተጭኖ በልቅሶው መሐል ይዞር ነበር፤ እሷም የፈረሱን አረማመድ እያነሣች ትገጥም ነበር። ዛሬ በእንዳለው ሠልስት፣ ከድንኳኑ ፊት የቆመችው ነጭ የቤተሰብ መኪና ናት። ስትመጣ ማንም አልሰማትም። ንፍሮ የሚያድሉት ሴቶች ቀና ሲሉ ግቢው ውስጥ ነበረች። አንዱ «የእንዳለው መኪና» ሲል ልቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ።

የበላይነሽ ወንድም ጋሹ የእህቱን ልጅ ፎቶግራፍ በፊት መስታወቱ ላይ አስደግፎ፣ ኮፈኑን በልጁ ጋቢ ሸፍኗል። ወጣቶቹ ጎኗን በመዳፋቸው እየመቱ ያለቅሳሉ። መኪናዋን ይዘው ከአዲስ አበባ የመጡት ባልና ሚስት፣ አቶ ሰለሞንና ሔራን፣ ዳር ቆመዋል። ሰለሞን አጠር ያለ ወፍራም ሰው ነው። ሕዝቡ የልጁ ጓደኞች መስለውታል፤ መኪናውን ለእናቱ ሊያስረክቡ የመጡ።

እውነቱን ከሰፈሩ የምታውቀው በላይነሽ ብቻ ናት። መኪናዋ የሰለሞን ናት። እንዳለው ሹፌሩ ነበር።

ከመኪናዋ ጋር የተነሣውን ፎቶ የላከው ለእናቱ ነበር። ጋሹ ስልኳን ተቀብሎ አየና «የእህቴ ልጅ መኪና ገዛ» ብሎ እስከ ዋጃ ከተማ አዳረሰው። እንዳለው ሲሰማ ሳቀ። «ተይው እማዬ፣ ደስ ይበለው። ስገዛ እውነት ይሆናል።» ከዚያ ወዲህ በላይነሽ ገበያ በወጣች ቁጥር ሰው እንዳይጠይቃት ስትሰጋ ኖራለች። አሁን ስጋቷ ሌላ ነው። ልጄ አፈሩ ሳይደርቅ ውሸታም ይባልብኛል ብላ ነው።

«ድምፅ የላትም» አለች ለቆንጅት። «ቀስ ብላ ስትሄድ በኤሌክትሪክ ነው አሉ። ሃይብሪድ ነው የሚሏት። ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ባትሪዋን ራሷ ትሞላለች። ይሄን በጣም ይወድ ነበር። ‹ስትቆም የምታተርፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?› ይለኝ ነበር።»

«ሌላስ?»

«ወደ ኋላ ስትሄድ የኋላዋን ፊት ለፊት ታሳያለች። ወንበሯ ሰባት ነው።»

ስለ ወንበሮቹ ያወራት እሁድ እሁድ በስልክ ነበር። ለዘመድ ሁሉ ደልድሎታል። እሷ ከፊት ከጎኑ፤ አጎቱ ጋሹ ሲጋራ ስለሚያጨስ መስኮት አጠገብ፤ የእህቱ ልጆች ከኋላ። የምታጥበው ልብስ እየጠበቃት እንኳ ስልኩን አትዘጋም ነበር። አንድ ቀን ወንበሩ ይሞቃል አላት።

«ምን ሊያደርግልን?» አለችው። «እኛ ወንበሩን ፀሐይ ላይ እናወጣዋለን።»

«ይሄ ቆቦ መሰለሽ? እዚህ ብርዱ አጥንት ይገባል።»

«አንተስ ማታ በምን ትሞቃለህ?»

«ከሰል አለኝ» አለ። የሚያድረው ከሰለሞን ግቢ በር አጠገብ ባለች ክፍል ነው። መስኮት የላትም። በማለዳ የሰለሞንን ልጆች ትምህርት ቤት ሊያደርስ ሳይወጣ ሲቀር በሩን ሰበሩት። የከሰሉ ጭስ ወስዶታል።

ቆንጅት ተነሥታ መሐል ገባች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ ግን ሩቅ ይሄዳል።

«መኪናህ ኮቴ የላት፣ ስትመጣ አትሰማ፤
ሞትም እንደሷ ነው፣ ገባ በጨለማ።
ሰባት ወንበር ነበር፣ ለዘመድ የሚበቃ፤
አንተን ግን አመጡህ፣ በሳጥን እንደ ዕቃ።»

ድንኳኑ አነባ። ሔራን ወደ ባሏ ጠጋ ብላ «ቀለሙን በቀለበታቸው እየፋቁት እኮ ነው» ስትል በላይነሽ ሰማቻት።

ጋሹ እጁን አንሥቶ ሰውን ዝም አሰኘ። ወደ ሰለሞን ዞረ። «እግዜር ይስጣችሁ፣ ሩቅ አገር መጣችሁ። በሉ እንግዲህ ቁልፉን በእናቱ እጅ አድርጉት፤ ሕዝቡ ይይ።»

ሰለሞን ሚስቱን አየ። «ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አንድ ስሕተት...»

ቃሉን ሳይጨርስ በላይነሽ ብድግ አለች። ከሌላ ሰው አፍ ከሚወጣ ከእኔ ይውጣ ብላ ነው። «ስሕተቱ የእኛ ነው። መኪናዋ የእሳቸው ናት። ልጄ ሹፌራቸው ነበር። የኔ ናት ብሎ አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም።»

ከኋላ አንዱ «የሰው መኪና ነው ያስለቀሰን?» አለ። ጥቂት ሰዎች በነጠላቸው ሥር ሳቁ።

የጋሹ ፊት ጠቆረ። «በየመንደሩ ሳወራ አፍሽን ማን ያዘው? ምነው እቴ፣ መሳቂያ ስታደርጊኝ።»

«ተቀመጥ ጋሹ» አለች ቆንጅት። «በስንት የተውሶ ፈረስ አስለቅሻለሁ። የተለቀሰው ለልጁ ነው።»

ጋሹ ግን አልተቀመጠም። ፎቶግራፉን ከመስታወቱ አንሥቶ፣ ምስሉን ወደ ደረቱ አዙሮ፣ ወደ ቤት ገባ። ወጣቶቹ እጃቸውን ከመኪናዋ ላይ አነሡ። በላይነሽ ጋቢውን ከኮፈኑ ላይ ስባ አጣጠፈች።

ሔራን እያለቀሰች ቀረበች። «እንደ ልጃችን ነበር የምናየው።»

«ልጃችሁ የት ነው የሚተኛው?» አለች በላይነሽ። በቁጣ አልነበረም የጠየቀችው፤ ማወቅ ፈልጋ ነበር።

የመለሰው ሰለሞን ነው። «ከሰሉን ወደ ውስጥ እንዳያስገባ ነግሬው ነበር፣ እናቴ።»

«ክፍሉ መስኮት የለውም ብሎኝ ነበር።»

«አሁን እያስወጣንለት ነው። ለሚመጣው ሹፌር።»

ካለ በኋላ ያለው ነገር ለራሱም ተሰማው፤ አንገቱን ደፋ። ሔራን የምታደርገው ሲጠፋት የሹፌሩን በር ከፈተች። «እዚህ ነበር የሚቀመጠው። ስንመጣ ሰለሞን ስለነዳ ወንበሩ ተጠግቷል።» በሩ ላይ ካሉት ትንንሽ ቁጥሮች ሁለትን ተጫነች። «አንድ የሰለሞን ናት፣ ሁለት የእሱ። ቁመቱን ይዛለታለች።»

ወንበሩ ራሱን ችሎ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ዝቅ አለ፣ ጀርባውን ጋደል አድርጎ ቆመ። በላይነሽ ለረዥም ሰው የተለካውን ቦታ አየችው። ጋቢውን እንዳቀፈች ወጥታ ተቀመጠችበት። እግሯ ወለሉን አልነካም። ራሷ ከመደገፊያው ሥር ቀረ።

«እስከ መቼ ትይዘዋለች?» አለች በመጨረሻ።

«ሌላ ሰው የራሱን በላዩ እስኪሞላበት» አለች ሔራን።

ሰለሞን ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። መንገዱ ረዥም ነው፣ ሳይመሽም ብዙ መሄድ አለባቸው። በላይነሽ አየችውና ወረደች።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችው። «ወንበሩን እንዲህ እንዳለ ይንዱልኝ። እስከሚቀጥለው ከተማ፣ እስከ ሮቢት እንኳ።»

«እግሬ አይደርስም እኮ፣ እናቴ።»

«ጫፉ ላይ ይሁኑ።»

ሰለሞን እሺ አለ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ፣ እግሩን ዘረጋ። ከጀርባው የሰው ያህል ባዶ ቦታ ነበር። መኪናዋ ያለ ድምፅ ከግቢው ወጣች። የማሽላ አገዳ የጫነ ጋሪ አሳልፋ አስፋልቱ ላይ ደረሰች። ወደ ሮቢት ስትታጠፍ ጎኗን ሰጠች። መስኮቷ ክፍት ነበር።

መኪናዋ እዚያው ዳር ላይ ቆመች። የሰለሞን እጅ በሩ ላይ ወዳሉት ቁጥሮች ወረደ። ራሱ ከፍ አለ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ መሪው ተጠጋ።

በላይነሽ ለእንግዶቹ ደህና ግቡ አላለችም፣ ሲወጡም እጇን አልሰጠቻቸውም ነበር። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ግን ቀኝ እጇን አንሥታ፣ እስኪቆም ድረስ አወዛወዘችው።