የሚስማር አወዳደቅ

ሬስሊንግ የማያውቅ ሰው የሚያየው ወርዋሪውን ነው። እኔ የማየው ወዳቂውን ነው። አንስቶ መወርወርማ ጡንቻ ያለው ሁሉ ይችለዋል። ጣውላ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ፣ አዳራሹን ሙሉ "ወይኔ" አሰኝቶ፣ በማግስቱ ጤነኛ ሆኖ ሥራ የሚገባ ሰው ግን ከስንት አንድ ነው። ይህን አስተያየቴን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ሰልችቶታል። ባለቤቴም ሳይሰለቸው አይቀርም፤ ግን እንዳይናገር የሚወድቀው እሱ ነው።

ባለቤቴ በሥራ ቀን ጎሚስታ ነው። ከመኪና ጎማ ሚስማር ሲነቅል ይውላል። እሁድ ከሰዓት ደግሞ ጥቁር ቁምጣ ታጥቆ፣ ቅንድቡን ኩል ተኩሎ አወፍሮ፣ "ሚስማር" ተብሎ አዳራሽ ይገባል፤ ሰዉም ገና ሲያየው ይጮህበታል። ክፉው እሱ ነው። ከኋላ የሚመታ፣ ዳኛ ዞር ሲል ዓይን የሚወጋ፣ በመጨረሻም ሁልጊዜ የሚሸነፍ። ቤት ውስጥ ግን ድምፁ አይሰማም፤ በረሮ ካየ የሚጠራው እኔን ነው።

እሱን ሳላውቅ በፊት ሬስሊንግን አውቃለሁ። የተዋወቅነውም እንዲሁ ነው። ከፊት ወንበር ሆኜ "አወዳደቅህ የድንች ጆንያ ነው" ብዬ ጮህኩበት፤ ትርዒቱ ሲያልቅ በር ላይ ጠብቆ "እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ነው የሚወደቀው?" አለኝ። ስንጋባ ሁለት ሕግ አወጣን። እሱ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ አይነግረኝም፤ እኔ ደግሞ አስተያየቴን እስከ ሰኞ እይዛለሁ። ውጤቱን ቀድመው ተነጋግረው እንደሚጨርሱት አጥቼው አይደለም። ቢሆንም ልቤ ድው ድው እንዲል እፈልጋለሁ። ሥራዬ መጋረጃ መስፋት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ቀጥ ያለ ስፌት ስከተል እውላለሁ። እሁድንም አስቀድሞ ከነገረኝ ምን ይቀረኛል?

በዚያ እሁድ ጠዋት ሕጉን ሊያፈርስ ሞከረ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ለማሰር ይታገላል፤ ግራ እጁ ማሰሪያውን መሳብ አቅቶታል። ባለፈው ትርዒት በአንገቱ አጉል ወድቆ፣ ከዚያ ወዲህ የግራ እጁ ጣቶች ይደነዝዙበታል። ሻይ የያዘው ብርጭቆ ዓይኔ እያየ ከእጁ ሾልኮ ወደቀ። ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ሐኪሙም ይህ አንገት ሌላ ውድቀት አይችልም፣ እረፍ አለው። እሱ ደግሞ ከእሁድ በኋላ አርፋለሁ አለ። ስንት ዓመት ሲሸነፍ ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሻምፒዮንነቱ ቀበቶ ሊጋጠም ነው፤ እንዴት ብሎ ይቅር?

ተንበርክኬ ጫማውን አሰርኩለት።

"የዛሬውን ልንገርሽ" አለኝ።

"አትንገረኝ።"

"ዛሬ እንኳ ብነግርሽ ይሻላል።"

"አንተ ሰውዬ፣ አትንገረኝ አልኩህ።"

እጄን ያዘና አንዴ ጨበጥ አደረገኝ። ይህ ከሪንግ ወደ ቤት የገባ ነገር ነው። አንዱ ክፉኛ ሲወድቅ ዳኛው የሚያየው መስሎ ጎንበስ ይልና እጁን ይይዛል፤ የወደቀው ሰው ጨበጥ ካደረገው "ደህና ነኝ፣ ቀጥሉ" ማለት ነው። ካልጨበጠ ዳኛው ሁለት ክንዱን ከአናቱ በላይ ያጣምራል፤ ያኔ ጨዋታ የለም፣ ሁሉም ይቆማል። እኛም ቤት እንጠቀምበታለን። እናቱ መጥተው ስለ ወጥ አሠራሬ ትንታኔ ሲጀምሩ፣ ጠረጴዛ ሥር እጄን ጨበጥ ያደርገኛል፤ አለሁ ማለቱ ነው። ያን ቀን የጨበጠኝ በቀኙ ነበር። ግራውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። አይቼም ማሰሪያውን አጠበቅኩለት።

አዳራሹ ስደርስ ጭንቀት መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። ወንበሬ ላይ ሄድ መለስ የሚባል ነገር ካለ ያን አደረግኩ። አጠገቤ አማቴ ተቀምጠዋል፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ከዚህ በፊት አዳራሹን ረግጠውት አያውቁም፤ "ልጄ ሲደበደብ ከፍዬ አላይም" ነበር መልሳቸው። ዛሬ ግን ልጃቸው ራሱ ሄዶ አምጥቷቸዋል። ደግሞ ምንም አልመሰላቸውም። ፊታቸው ቤተ ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ ነው የሚመስለው። እርጋታቸው አናደደኝ፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁባቸው።

እኔ ስፈራ እለፈልፋለሁ። ስለዚህ ለፈለፍኩ።

መጀመሪያ ጭስ በሚተፋው ማሽን ጀመርኩ። የሚገባውን ሰው ሊያስፈራ የመጣ ነገር ከፊት የተቀመጥነውን ከማሳል በቀር የሚፈይደው የለም አልኳቸው። ቀጥዬ አስተዋዋቂው ላይ ወረድኩ፤ ይህ ሰውዬ ማይክ ከያዘ ክንድ ገና ሳይነሳ "ተመታ" ይላል። ከዚያ ሁለቱ አናጢዎች የሚባሉት ወጡ። እውነትም አናጢዎች ናቸው፣ የሪንጉን ጣውላ የሚጠግኑት ራሳቸው ናቸው። ሁለት ለሁለት በሚደረግ ግጥሚያ ገመድ ይዞ ውጪ የቆመው መጨነቅ አለበት፤ እጁን ዘርግቶ መንጠራራት፣ ለጓደኛው ማልቀስ አለበት። ታናሹ አናጢ ግን አውቶቡስ የሚጠብቅ ይመስላል።

"እሱ ደግሞ ማነው?" አሉ አማቴ፣ ቀጥሎ የመጣውን ግዙፍ ሰው በአገጫቸው እያሳዩ።

"ቁም ሳጥን ነው የሚባለው።"

"ምን ያደርጋል?"

"ምንም አያደርግም እማማ። ይቆማል። ክንዱን ይከፍታል፣ ክንዱን ይዘጋል። ሰውም መሃል ገብቶ ይጨፈለቅለታል። ይኼ ሥራ ነው ይባላል?"

"አንቺ ልጅ፣ የመጣሽው ልትዝናኚ ነው ወይስ ልትከሺ?"

ከኋላችን የተቀመጡት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቁም ሳጥን አሸንፎ ሲወርድ አላጨበጨብኩም። መብራቱ ጠፋ። አስተዋዋቂው ድምፁን አወፈረ። ጥቁሩ መጋረጃ ተገለጠና ባለቤቴ ወጣ።

ያን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከባድ ጨርቅ ነው፣ ጠርዙ ውስጥ እንዳይንሳፈፍ ሰንሰለት አስገብቼበታለሁ፤ ከኋላው ሰው ካለ ከሥሩ ይነቃነቃል። ባለቤቴ በዚያ ወጥቶ ሕዝቡን በክፉ ዓይን አየ፤ ሕዝቡም እንደ ልማዱ ጮኸበት። አማቴ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

ተቃራኒው "ሙሽራው" ነው። ነጭ ቁምጣ፣ ነጭ ጫማ፣ ነጭ ጥርስ። ቀበቶው የእሱ ነው። ስለ ሙሽራው ያለኝ አስተያየት ብዙ ነው፣ ባጭሩ ግን ሲማታም ሲደበደብም ያው ፈገግታ ነው። ሰው ሲያመው ፈገግ ይላል? ለዚህ ነው ጥሩ ክፉ ሰው የሚያስፈልገው። ሙሽራውን ጀግና ያደረገው የባለቤቴ አወዳደቅ ነው፤ እሱ ባይወድቅለት ሙሽራው የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነበር።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ባለቤቴ ዓይን ወጋ፣ ከዳኛው ተደበቀ፣ ገመድ ላይ አንጠልጥሎ መታ። ግራ ክንዱን ወደ ደረቱ ጠጋ አድርጎ እንደያዘ ግን አየሁ። ማንም አላየም። ለአማቴ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሙሽራው ገመዱ ላይ ወጣ፣ ባለቤቴን ጎትቶ አወጣው፣ ብድግ አድርጎ ወረወረው።

ጥሩ አወዳደቅ ይጮኻል። ጀርባ ሙሉ ሲያርፍ ጣውላው በኃይል የተዘጋ በር ይመስል ጓ ይላል፤ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል። ይህኛው ድምፅ አልነበረውም። በትከሻና በአንገቱ መሃል አረፈ። አዳራሹ "ወይኔ" አለ። እኔ ክው አልኩ።

ዳኛው ጎንበስ ብሎ እጁን ያዘ። ጀርባውን ለእኔ ሰጥቷል፣ ባለቤቴ ይጨብጠው አይጨብጠው ማየት አልቻልኩም። የያዘው ግን ቀኙን ነው። ክንዱን ያጣምራል ብዬ ጠበቅኩ። አላጣመረም። ይልቁንም ወደ መጋረጃው እጁን አወዛወዘ፤ አናጢዎቹም ቃሬዛ ይዘው እየሮጡ መጡ።

ቃሬዛ እውነትም ይሆናል፣ ጨዋታም ይሆናል። ቁም ሳጥን በቃሬዛ ወጥቶ ከትርዒቱ በኋላ በር ላይ ሳንድዊች ሲበላ አይቼዋለሁ። የቱ ነው ይሄኛው? አትንገረኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ከአዳራሹ ሙሉ ሰው ማወቅ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ከሁሉም በላይ የማላውቀውም እኔ ሆንኩ። ተነሳሁ።

አማቴ ቀሚሴን ያዙኝ። "ቁጭ በይ፣ ታበላሺበታለሽ።"

"እማማ ልጅዎ እኮ..."

"ነግሮኛል። ጠዋት ሲያመጣኝ በመንገድ ላይ አንድ በአንድ ነገረኝ። አንቺ አትንገረኝ ብለሽው ነው አሉ።" ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ይወድቃል፣ በቃሬዛ ያወጡታል። ያ ነጩ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጨፍር፣ ልጄ በር ላይ ሲደርስ ብድግ ብሎ ይመለስና ከኋላ ይመታዋል። ቀበቶውን ይወስዳል። እማዬ እንዳትደነግጪ ብሎኛል።"

እፎይ አልኩ። እንዲህ ያለ እፎይታ በሕይወቴ አላስታውስም፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለዚህ ነው የተረጋጉት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ አስተያየቴ ተመለሰ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሕዝቡ ይናደዳል፣ ክፉ ሰው ማሸነፍ ያለበት እንዲህ ነው አልኩ በልቤ። ሙሽራው ገመድ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ ክንዱን ዘረጋ። ቃሬዛው መጋረጃው ጋ ደረሰ።

"አሁን ይነሳል" አሉ አማቴ።

አልተነሳም። ዓይኔ ጫማው ላይ ነበር፣ ጠዋት ያሰርኩት ጫማ ላይ። አናጢዎቹ በተራመዱ ቁጥር ሁለቱ ጫማዎች ወደ ጎን ይወድቃሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይወድቃሉ። ሊነሳ የተዘጋጀ ሰው እግሩ እንደዚያ አይሆንም። ቃሬዛው ገባ፣ መጋረጃው ተዘጋ።

"አሁን" አሉ አማቴ። ከኋላችን ላሉትም ዞር ብለው "ጠብቁ፣ አሁን ይመጣል" አሏቸው፣ ምስጢር የያዘ ሰው ፈገግታ ፈገግ ብለው።

ሙሽራው የሚጨፍረው አለቀበት። አንዴ ወደ ኋላ ሰረቅ አድርጎ አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ጠፋ። እኔ የመጋረጃውን ሥር አየሁ። አልተነቃነቀም።

ቀሚሴን ከአማቴ እጅ አላቅቄ ሮጥኩ።

ከመጋረጃው ኋላ ጠባብ መተላለፊያ አለ፣ መጥረጊያና የተሰበረ ወንበር የሚከመርበት። ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠውታል። ታላቁ አናጢ ስልክ ይዞ አምቡላንስ እያለ ይጮኻል፤ ታናሹ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። ባለቤቴ ዓይኑን ከፍቶ ጣሪያ ያያል። በኩል የወፈረው ቅንድቡ በላብ ወርዶ ጉንጩን አጥቁሮታል።

"ልነሳ ነበር" አለኝ። "እግሬ እምቢ አለኝ።"

አጠገቡ ተንበረከክሁ። ለእኔ የቀረበኝ ግራ እጁ ነበርና ያዝኩት። "ጨብጠኝ።"

"ጨበጥኩሽ እኮ" አለ።

ጣቶቹ እጄ ውስጥ እንደነበሩ ናቸው። ሞቃት ናቸው፣ የጎማ ጥቁረት ጥፍሩ ሥር አለ፣ ግን አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ቀኙን አነሳሁ። ከቀኙ ትንሽ ነገር መጣ፣ ሕፃን ተኝቶ የሚይዘውን ያህል።

"ደረሰሽ?"

"ደረሰኝ።"

ከውስጥ አዳራሹ እግሩን ጣውላ ላይ መምታት ጀምሯል። ስሙን እየጠሩት ነው፤ "ሚስማር፣ ሚስማር" ይላሉ። በስድብ እንጂ በፍቅር ጠርተውት አያውቁም ነበር። እሱም ሰማ፤ ዓይኑ በራ።

"እንዴት ነበር?" አለኝ። "አወዳደቄ። ሰኞ እነግርሃለሁ እንዳትዪኝ።"

በትዳራችን ዘመን ሁሉ አሞግሼው አላውቅም። ከአፌ የወጣው ትልቁ ምስጋና "ከባለፈው ይሻላል" ነው፤ እሱም ይህን ለጓደኞቹ ሁሉ አውርቶታል። ውሸት ብነግረው ዓይኔን አይቶ ያውቃል። ድምፅ አልነበረውም፣ በአንገትህ ነው የወረድከው፣ ጠዋት ላስርልህ ብዬ ጫማህን ከማሰር እሳት ውስጥ ብከተው ይሻል ነበር፤ ይህ ነበር አስተያየቴ። ይህን ልለው አላስቻለኝም።

"ቆንጆ ነበር" አልኩት። "እስከዛሬ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥ።"

አየኝ። ዓይኑ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ሲሄድ አየሁት።

"እንደዚህ ነው እንዴ የሆንኩት?" አለኝ።

 ቀኝ እጁን ይዤ ጨበጥ፣ ጨበጥ አደረግኩት። ከመጋረጃው ወዲያ የአማቴ ድምፅ ከሰዉ ጩኸት በላይ ይሰማል፤ ሰዎች ተቀመጡ፣ አትሂዱ፣ አሁን ይመጣል ይላሉ።

"ሂጂና ለእናቴ ንገሪያት" አለኝ። "ካልነገርሻት ከዚያ ወንበር አትነሳም።"