የጀልበኛው ካፖርት

ዋሽቻለሁ። በዋሸሁ ቀን ደግሞ ምንም አላፈርኩም፤ ያፈርኩት በማግስቱ ነው፣ ያውም በሰው ፊት።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ አንድ ወገቡ የጎበጠ ሶፋ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሱቅነቷ ይቀርና ሸንጎ ትሆናለች። ታናሽ ወንድሜና ሁለት ጓደኞቹ ሶፋው ላይ ተደርድረው ስለ ኮሚክ፣ ስለ ጌም፣ ስለ ተከታታይ ፊልም ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው የታክሲ ሾፌር ነው፤ በኢንተርኔት በሚጫወቱት ጌም ቡድኑን የሚመራው እሱ ስለሆነ «ካፒቴን» እንለዋለን። ሌላዋ ፋርማሲስት ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ በለሆሳስ መድኃኒት ስታስረዳ ትከርምና እኛ ጋ ስትመጣ ጣሪያ ትነቅላለች። ስለ ዘንዶ ክንፍ ሲፋጩ የሰማ መንገደኛ ውርስ የሚካፈሉ ነው የሚመስለው።

የክርክሩ ዳኛ ወንድሜ ነበር። ሥራው የማስታወቂያ ሰሌዳ መሳል ስለነበር ኮሚኩን ገጽ በገጽ በቃሉ ይዞታል። «ሦስተኛው ቅጽ፣ የግራ ገጽ፣ ከታች» ካለ ክርክሩ አለቀ። ባለፈው ዓመት የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ሁለቱንም ዓይኑን ወሰደበት። ብሩሹም ጌሙም በዚያው ቀሩ። የተረፈችለት ቅዳሜ ብቻ ናት።

እኔ ስምል «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ማለት ይቀናኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አፌ ላይ አልመጣም።

ታዲያ ዘንድሮ «የአመድ ወንዝ»፣ አሥር ዓመት ሙሉ እየተቀባበልን ያነበብነው ኮሚክ፣ ተከታታይ ፊልም ሆኖ መጣ። አዲሱ ክፍል የሚወጣው ዓርብ ዓርብ ነው። ግማሹ ሙዚቃና ዝምታ ስለሆነ በጆሮ ብቻ አይገባም። «እኔ ዓይን እሆንሃለሁ» አልኩት። ከሥራ መልስ ሱቁ ውስጥ ካለው ቴሌቪዥን ፊት ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ የማየውን እነግረዋለሁ።

ስድስተኛው ክፍል ላይ ጉድ መጣ። ኮሚኩ ላይ የተሰደደችውን ንግሥት ወንዙን የሚያሻግራት አንድ ሽማግሌ ጀልበኛ አለ። ያሻግራትና ጠላት እንዳይከተላት ጀልባውን በገዛ መጥረቢያው ይሰባብራል። ከዚያ ሁሉ ጀግና እኔ የምወደው እሱን ነው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ምን ቢያደርጉት ጥሩ ነው? ከሃዲ አደረጉት! መሀል ወንዝ ላይ ቀይ ፋኖስ አንስቶ ለጠላት ምልክት ሲሰጥ አሳዩን፣ ያለ አንዲት ቃል።

ደሜ ፈላ።

«አሁን ምን እየሆነ ነው?» አለኝ ወንድሜ።

«እያሻገራት ነው።»

«ጀልባውን ሰበረው?»

«ሰበረው።»

«የመጥረቢያ ድምፅ እኮ አልሰማሁም።»

«ሙዚቃ ደርበውበት ነው» አልኩ። ክፍሉ እዚያው ላይ አለቀ። ምን አባታቸው፣ የኔን ጀልበኛ እነሱ ናቸው የሚያውቁት? ብዬ መብራቱን አጠፋሁ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ አንድ ቀን እንኳ አልቆየም። በማግስቱ ካፒቴን ገና ሳይቀመጥ «ጀልበኛውን ከሃዲ ያደረጉበትን ጉድ አያችሁ?» አለ።

ወንድሜ ሳቀ። «አሻግሯታል እኮ! ጀልባውንም ሰብሯል። ተኝተህ ነው ያየኸው?»

ካፒቴን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ካውያዬ ላይ አቀረቀርኩ። ፋርማሲስቷም አየችኝ። ማንም ምንም ባይልም የሱቁ ዝምታ ለወንድሜ ነገረው መሰለኝ፤ ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ። ቢፈልግ «እህቴ ናት የነገረችኝ» ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን «እንግዲያው አምልጦኛል» አለና ጥፋቱን ወሰደልኝ።

«ምንም አይደለም፣ አይዞህ» አለችው ፋርማሲስቷ፣ ለበሽተኛ በምታወራበት ድምፅ።

ወንድሜ ግን «ለነገሩ የንግሥቲቱ ዘንዶ ኮሚኩ ላይ ሦስት ክንፍ ነው ያለው» አለ።

ሦስት ክንፍ! ሕፃን እንኳ የማይስተው ስህተት ነው። ካፒቴን አሥር ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው እንዲህ ያለ ነገር ነበር የሚጠብቀው። ጉሮሮውን ጠረገና «ልክ ነህ፣ ወንድሜ» አለው።

ሲሄዱ በሩን ዘጋሁ።

«እትዬ፣ ጀልበኛው ምን አደረገ?»

ሁሉንም ነገርኩት።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ጀልበኛውን ስለምወደው ነዋ! ስላናደዱኝ!»

«ዓይንሽን አዋስሽኝ። ሲያሰኝሽ ትጨፍኚዋለሽ ማለት ነው?» ድምፁን አላነሳም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ሦስት ክንፍ ስል ልክ ነህ አለኝ። ሰምተሻል? ካፒቴን እኮ ነው! እናቱን እንኳ ልክ ነሽ ብሏት አያውቅም። ከእንግዲህ ማንም አይከራከረኝም። ሶፋው ላይ አስቀምጠው እሺ እሺ ሊሉኝ ከሆነ፣ ቅዳሜም ይቅርብኝ።»

እኔ ካለቀስኩ ማባበሉ በእሱ ላይ ሊወድቅ ነው፤ ስለዚህ አላለቀስኩም። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ቅዳሜ አይቀርም!» አልኩት።

ደግነቱ ከስድስተኛው ክፍል በኋላ ፊልሙ ሁለት ሳምንት እረፍት ነበረው። ሱቅ የምከፍተው በሦስት ሰዓት ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ሰዓት ላይ እየገባን ከክፍል አንድ እንደገና ተያያዝነው። ሕግ አወጣልኝ። ኮሚኩን መጥቀስ የለም። መራገም የለም። «ያየሽውን እንጂ የተሰማሽን አትንገሪኝ።»

መከራዬን አየሁ። «ፊቱ አዝኗል» ስለው «የቱ ጋ? ቅንድቡ ነው አፉ?» ይለኛል። ማክሰኞ ላይ ሪሞቱን ወረወርኩት። «ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ሰዓሊ አይደለሁም!»

«እንግዲያው እንደ ልብስ ሰፊ ንገሪኝ።»

እንዴ! ይኼማ የኔ ነው። ኮሌታ፣ ቁልፍ፣ ገበር፣ የክር ቀለም፣ ማን የሰው ልብስ እንደለበሰ፣ የማን ትከሻ እንደጠበበው፤ አፌ ተፈታ።

ሐሙስ ጀልበኛው ጋ ደረስን። ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ። «ቀይ ፋኖስ አነሳ። ካፖርቱን ገልብጦ ነው የለበሰው፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ነው። ገበር የለውም። ቁልፎቹ የተተከሉበት ክር አረንጓዴ ነው።»

«አቁሚው! ሁለተኛው ክፍል ላይም አረንጓዴ ክር ብለሽኛል።»

ወደ ሁለተኛው ክፍል መለስኩት። የጠላት ድንበር ጠባቂዎች ካፖርት! ክሩ ያው፣ አተካከሉ ያው፣ በመስቀልኛ። አምስት ጊዜ አየሁት።

ቅዳሜ ወንድሜ ቀድሞ ሶፋው መሀል ተቀመጠ። «ጀልበኛው ከሃዲ አይደለም» አላቸው። «ከመጀመሪያውም የጠላት ወታደር ነው። ማንንም አልካደም።»

ካፒቴን ለስለስ ብሎ «እሺ፣ ሊሆን ይችላል…» ሲል ወንድሜ የሶፋውን ክንድ በጡጫ መታው።

«እሺ አትበለኝ! ክፍል ሁለት፣ የድንበር ጠባቂዎቹ ካፖርት። ክፍል ስድስት፣ ጀልበኛው ገልብጦ የለበሰው። አንድ ክር፣ አንድ አተካከል። መልስ ካለህ መልስልኝ!»

ፋርማሲስቷ አላስቻላትም። «ከሬሳ ላይ ገፎት ቢሆንስ?»

«ታዲያ ምልክቱን ማን አስተማረው? ሬሳው?»

ካፒቴን ብድግ አለ። «አረንጓዴ ክር ማንም ይገዛል! ሰውየው አስፈራርተውት ነው! ፋኖሱን ሲያነሳ እጁ ሲንቀጠቀጥ አላየህም? ዓይን የለህም እንዴ!»

ፋርማሲስቷ አፏን በእጇ ያዘች። የካፒቴን ፊት አመድ መሰለ። እኔ ካውያውን የሰው ሱሪ ላይ ረስቼው ሽታው ነው ያነቃኝ።

«የለኝም» አለ ወንድሜ። «አንተ ሁለት እያሉህ ካፖርቱን አላየኸውም።»

ፋርማሲስቷ በአፍንጫዋ ሳቀች። ካፒቴንም ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ግን ካፒቴን ነው፣ አይለቅም። «እጁስ? የእጁን ነገር ለምን ዘለልከው?»

ወንድሜ ወደ ካውያው ጠረጴዛ ዞረ። «እትዬ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል?»

ስለ እጁ አልነገርኩትም ነበር። ልብሱን ሳይ እጁን አላየሁም። ካፒቴን ስልኩ ላይ ከፍቶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። አየሁ። «አይንቀጠቀጥም» ብል ሰማይ አይደፋም፤ ወንድሜ ይረታል፣ ከዓመት በኋላ የመጀመሪያው ድሉ ይሆናል። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሦስቱም የሚጠብቁት እኔን ነው።

«ይንቀጠቀጣል» አልኩ። «ከእጅጌው ጫፍ ጀምሮ። ፋኖሱን በሁለት እጁ ነው የያዘው።»

«በላሁህ!» ብሎ ጮኸ ካፒቴን። «በላሁህ፣ አንተ ድርቅ! የክር ጠበቃ!» ሶፋው ላይ ዘሎ ወጣ፤ ወገቡ የጎበጠው ሶፋ ሲጥጥ አለ። ፋርማሲስቷ «ውረድ፣ ትሰብርባታለህ!» እያለች ሸሚዙን ትጎትታለች።

ወንድሜ ወደ ኋላው ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ጠረገና እጁን ዘረጋልኝ። «ነይ፣ ከጎኔ ተቀመጪ። ይሄን ጉረኛ ዛሬ ሳልረታው አላድርም። ከእጅጌው ጀምረሽ ንገሪኝ።»